ጦም ያደረው መንገድ

ብዙአየሁ ስትደውልልኝ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እንግዳ ነው። «የሚመጣ ሰው አለ?» ትላለች፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ጧት ግን ስሜን ብቻ ጠራች። ደብረ ታቦር ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ፤ የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ከዚያ «አባዬ አረፉ» አለችኝ። «ሦስት ቀን ደረታቸውን ታመሙ፣ ከዚያ አረፉ። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው «እኔን!» አልነበረም። «መንገዱስ?» ነው ያልኩት በሆዴ። ለመንገዱ አንድ ክረምት ብቻ ነበር የቀረው። አባቷ አያ ዳኘው ከሌሉ መንገዱን የዘጉበትን እሾህ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም፤ ለማንሳት ደግሞ ከማንም በላይ ምክንያት ያላት ይህችው ስልክ ላይ የምታለቅሰው ልጃቸው ናት። እንዲህ እያሰብኩ ነው ጃኬቴን አንስቼ ወደ መናኸሪያ የሮጥኩት። በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ አፈርኩ፤ አፍሬም አለቀስኩ።

አያ ዳኘው ጉና ተራራ ላይ በቅሎ ያከራዩ ነበር። የጅባራውን ተክል፣ የጭላዳውን ዝንጀሮ፣ የጧቱን ጉም ለማየት የሚመጣ እንግዳ፣ ፈረንጁም ያገራችን ሰውም፣ በእርሳቸው ወይም በማኅበራቸው በቅሎ ይወጣል። እርሳቸው ልጓሙን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ የቱሪዝም ቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ሪፖርት ስጽፍና ስብሰባ ስቀመጥ የምውል ሰው። ስሜን አሳምረው እያወቁ አንድ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ወረቀቴ» ነበር የሚሉኝ። «መጣሽ ወረቀቴ? ዛሬስ ምን የሚፈረም ይዘሽልን መጣሽ?»

ረጅምና ደረቅ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ሰባን አልፈዋል። ከጋቢያቸው በላይ አንድ እንግዳ ትቶላቸው የሄደ ብርቱካናማ የዝናብ ልብስ ይደርባሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ መንገድ የሚሠራ ሰው ይመስላሉ። በቅሏቸውን «ወይዘሮ» ብለው ሰይመዋታል፤ ሲያነጋግሯትም በአንቱታ ነው። «ወይዘሮ ደክሟቸዋል፣ ትንሽ እንረፍ» ይላሉ ዳገቱ ላይ። የደከማቸው ወይዘሮ ሳይሆኑ አያ ዳኘው ራሳቸው መሆናቸውን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ቀኝ ጉልበታቸው ታማሚ ነበር፤ ይህን ለሰው ከመናገር በቅሎዋን ማማት ይቀላቸዋል።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «እንግዳ ጭቃ አይረግጥም»። ይህን ከአባታቸው እንደ ጸሎት ነው የተማሩት። ድሮ ቀላል ሕግ ነበር፤ ምክንያቱም እንግዳ የሚመጣው ከጥቅምት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ መሬቱ ደርቆ ይጠብቀዋል። አሁን አሁን ግን ዝናቡ ቀጠሮውን ረሳ። ገብስ ሲታጨድ ይዘንባል፣ በታኅሣሥ ይዘንባል፣ በጥር ውርጭ መምጣት ሲገባው ዶፍ ይወርዳል። ከምንጩ ወደ መንደሩ የሚወጣው መንገድ ቦይ ሆነ። አያ ዳኘውም ምን ያደርጋሉ? ቦዩን ትተው በዳሩ፣ በጓሳው ሣር ላይ እንግዳውን ያሳልፋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ያም ዳር ይጨቀያል፤ ደግሞ ከዚያ ዳር ይወጣሉ። ሌሎቹም በቅሎ ጫኞች እርሳቸውን አይተው እንዲሁ። ሁሉም ስለ እንግዳው ክብር ነበር፣ አንድም ሰው ክፉ አላሰበም።

አንድ ቀን በታኅሣሥ ከሁለት እንግዶች ጋር ወጥተን ስንመለስ ከወዲያኛው ሸንተረር ላይ ቆም አሉ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ያ ዳገት ከፊታችን ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። እርሳቸው ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ።

«ምን እየቆጠሩ ነው?»

«መንገድ» አሉኝ። «ዘጠኝ ነው።»

እውነትም ዘጠኝ ነበር። ዳገቱ ከላይ እስከ ታች ዘጠኝ ቦታ ተተልትሎ ቀይ አፈሩ ይታያል። አያ ዳኘው ቆባቸውን አወለቁ። «ወረቀቴ፣ ይህን ሁሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ፣ በደግነቴ።» እንግዶቹ ምን ሆኑ ብለው ጠየቁኝ፤ የምተረጉመው ጠፍቶኝ ደከማቸው አልኩ።

ከዳገቱ ግርጌ ወፍ ውሃ የሚባል ምንጭ አለ። ወርደን እንደደረስን በጣሳ ቀዱ፤ ጣሳው ደለል ይዞ ወጣ። ያ ከዘጠኙ መንገድ የታጠበ አፈር ምንጩን ደፍኖታል። መንደሩ የሚጠጣውም፣ እንግዳ የሚያርፍበትም ያው ምንጭ ነው። እርሳቸው ጣሳውን ዘቅዝቀው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

እኔ እንደ ቢሮ ሰው መፍትሔ ይዤ መጣሁ። ሚያዝያ ላይ ከቅዳሴ በኋላ የበቅሎ ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስቦ፣ እኔ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ዘላቂ የቱሪዝም ልማት፣ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም መዳረሻ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ ደረጃ... ሰዎቹ በጨዋነት ያዛጋሉ።

«ቆይ እስቲ ወረቀቴ» አሉ አያ ዳኘው። «ዘላቂ ማለት ምን ማለት ነው?»

ብዙ ቀባጠርኩ። በመጨረሻ ግራ ሲገባኝ «የዛሬው እንግዳ የነገውን እንዳያስቀርብን ማለት ነው» አልኩ።

«እንዲያ በይና! ታዲያ ሲሚንቶው ምን ያደርጋል? ውሃው በሥሩ ይሄዳል። እኛ በደረጃው ደስ ብሎን ስንወጣ ስንወርድ እያሳሳቀ ይወስደናል።» ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «ለመሆኑ መሬት ሲደክማት ምን እናደርጋታለን?»

መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ገበሬ ናቸው። አንዱ ሽማግሌ «ጦም እናሳድራታለን» አለ፤ ሳይታረስ፣ ሳይረገጥ ትረፍ ማለቱ ነው።

«በቃ! ዳገቱ ሦስት ክረምት ጦሙን ይደር። ሰውም ከብትም አይርገጠው። እኛ በጀርባ እንዞራለን፣ በአያቶቻችን መንገድ፤ ድንጋያማ ነው፣ አይቦረቦርም።»

ጌጡ የሚባል ምላሱ የሰላ በቅሎ ጫኝ ብድግ አለ። «አያ ዳኘው፣ መሬቱ ጦሙን ሲያድር እኛም ጦማችንን እንደር? በጀርባ አንድ ሰዓት ሙሉ ይጨምራል። እንግዳው ይደክመዋል፣ ደግሞ እዚያም ቢሆን ጭቃ አይጠፋም።»

«ይድከመው፤ ተራራ ሊያይ አይደለም የመጣው? ጭቃውም ይታጠባል።»

እኚህ «እንግዳ ጭቃ አይረግጥም» ሲሉ የኖሩት ሰው ናቸው እንግዲህ። ሁሉም ተያየ። ጌጡ ግን አልጨረሰም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የብዙአየሁ ቤትስ?» አለ።

አያ ዳኘው መሬት መሬት አዩ። «የብዙአየሁም ቤት» አሉ።

ብዙአየሁ ሰባት ዓመት ዓረብ አገር የሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ባላት ሁሉ ወፍ ውሃ ዳር ሦስት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ሠርታለች። ድንጋዩን ራሷ ነው ተሸክማ ያመጣችው። «እዚያ ሥሪ፣ እንግዳ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፍ» ብዬ የመከርኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይብላኝ ለእኔ! መንገዱ ከተዘጋ እንግዳው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ታጥፎ በጀርባ ይዞራል። የእሷን በር የሚያንኳኳ አይኖርም።

አባትና ልጅ ሲነጋገሩ ነበርኩ፤ ምነው ባልነበርኩ። «አባዬ፣ ሰባት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩት ለዚህ ነው?» አለቻቸው። «ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል በእኔ ላይ ይጨከናል?»

«ልጄ፣ ምንጩ ከደረቀ ማን ሊያድርልሽ ነው?»

«እስኪደርቅ እንኳ ልብላ!»

በማግስቱ እርሳቸው የቀጋ እሾህ ቆርጠው የዳገቱን አፍ ከላይም ከታችም አጠሩት። እሷም ኩርፊያዋን ጀመረች። ምሳቸውን በጎረቤት ትልካለች፣ ልብሳቸውን አጥባ ትልካለች፣ ቃል ግን አትተነፍስላቸውም።

አያ ዳኘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ምንጩን ሳያዩ አያልፉም፤ የልጃቸው በር ደግሞ እዚያው ነው። ከበሩ ቆመው «ደህና ዋልሽ ወይ፣ ብዙዬ?» ይላሉ። ከውስጥ ድምፅ የለም። ጥቂት ይጠብቁና ድምፃቸውን አቅጥነው ራሳቸው ይመልሳሉ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን አባዬ፣ አንቱስ ደህና ዋሉ?» ከዚያ በራሳቸው ድምፅ «እኔማ ደህና ነኝ፣ ወይዘሮ ናቸው እንጂ ዳገቱን የፈሩ» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሳይሰለቹ እንዲህ አደረጉ።

እኔም በድያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ጥር ከበድ ያሉ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ቢሮው ተተራመሰ፤ አንደኛዋ እርጅና የተጫናቸው ስለሆኑ በጀርባ መዞሩ ያስቸግራቸዋል ተባለ። አለቃዬ «ያንን እሾህ አስነሺ» አለኝ። ሄጄ ለመንኳቸው። «አንድ ቀን ብቻ አያ ዳኘው፤ በሞቴ!»

«ወረቀቴ፣ ዐርብ ትጾሚያለሽ?»

«እጾማለሁ።»

«ዛሬ ዐርብ ነው። አንድ ጉርሻ ሥጋ ላጉርስሽ? አንድ ብቻ።»

«እንዴ፣ ገደፍኩ ማለት ነዋ!»

«መልሱን ራስሽ ተናገርሽው» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

በንዴት ጨስኩ። ግትር ሽማግሌ ብዬ ፊት ለፊት ተሳደብኩ፣ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል። እንግዶቹ ሲመጡ አያ ዳኘው ሴትዮዋን ወይዘሮ ላይ አፈናጠው፣ በዚያ ጉልበታቸው ሙሉውን ዙር ልጓም ይዘው ወጡ። መንገዱን ሙሉ የጅባራውን፣ የጭላዳውን፣ የማይመጣውን ውርጭ ወሬ አወሩላቸው። ሴትዮዋ ሲወርዱ እጃቸውን ይዘው አልለቅም አሉ። ሲሄዱ አያ ዳኘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ «ዞሮ ዞሮ ከቤት» አሉ ለራሳቸው። እዚያ መንገድ ላይ ለሚያማርር ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነበር። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስንተባተብ «ወይዘሮን ውሃ አጠጪልኝ» ብለው ላኩኝ። ያ ነበር ይቅርታቸው።

በሁለተኛው መስከረም ደወሉልኝ። ስልክ አይወዱም፣ ይጮኹበታል። «ወረቀቴ! ተናገረች!»

«ማን?»

«ብዙዬ! እንደ ወትሮዬ ከበሩ ቆሜ ድምፄን አቅጥኜ ስመልስላት፣ ከውስጥ ‹ድምፄ እንዲህ አይቀጥንም!› አለችኝ። ሰማሽ? ‹አይቀጥንም› አለችኝ!» እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ለመለየት አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና የሚጠጡት ከእሷ ዘንድ ሆነ። ስለ መንገዱ ግን ቃል አልተናገረችም፣ እርሳቸውም አልጠየቋት። ሦስቱ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፤ ለተሳላሚ ሻይ እየሸጠች፣ ድንች እየተከለች ትኖራለች። እንግዳ ይኖር እንደሆነ ለእኔ መደወሏን አላቋረጠችም፣ እኔም የምልክላት እንግዳ አልነበረኝም።

በኅዳር ስወጣ ዳገቱን ከእሾሁ ማዶ አሳዩኝ። ጓሳው ቦዮቹን መሸፈን ጀምሯል፤ በአንደኛው ቦይ ውስጥ ጎመን የሚያህል ጅባራ በቅሏል። ጠጋ ብዬ ልየው ብዬ እግሬን ሳነሳ ጃኬቴን ከኋላ ያዙኝ፣ ልወድቅ ነበር። ከዚያ ዞረን ወርደን ከወፍ ውሃ በጣሳ ቀዱልኝ። ጥርት ያለ መሰለኝ፤ «ጠርቷል!» አልኩ። እርሳቸው ቀምሰው «ገና ነው፣ አፈር አፈር ይላል» አሉ። «አንድ ክረምት ይቀረዋል። እዚያ ካደረሰኝ።»

አላደረሳቸውም።

ያን ቀን ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ፣ በጀርባ ዞሬ ከቤታቸው ስደርስ ቃሬዛው ሊነሳ ነበር። ወይዘሮ በኮርቻዋ ላይ ያ ብርቱካናማ የዝናብ ልብስ ተደርጎባት ከፊት ቆማለች። ብዙአየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታጥቃለች፤ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

ከመንደሩ ጥቂት ወረድ እንዳልን መንገዱ ሁለት ይሆናል። ፊት ለፊት በእሾህ የታጠረው ዳገት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግራ ያ የጀርባው ዙር። ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓዱ ያጉረመርማል። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። የነፍስ አባታቸው ቄሱ ሰማዩን አዩና «በአቋራጩ እንውረድ፤ ለሬሳ ክልክል የለም» አሉ። ጌጡ ቃሬዛውን ለሌላ ሰው አስይዞ በዱላው እሾሁን ያነሳ ጀመር። እኔ እንደ ድንጋይ ቆምኩ፤ እኔ ማን ነኝና እናገራለሁ? አንድ ቀን ብቻ ብዬ የለመንኩት እኔው አይደለሁ?

ብዙአየሁ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ መጥታ ጀርባዋን ለእሾሁ ሰጥታ ቆመች።

«አባዬ በዚህ አያልፉም» አለች፤ ድምፅዋ ከመዘጋቱ የተነሳ ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው የሰሟት።

«ብዙአየሁ፣ ዝናቡ መጣ እኮ» አለ ጌጡ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ሲዞሩ ማንም አልተሸከማቸውም። እናንተ አንድ ቀን ተሸክማችኋቸው ነው የሚደክማችሁ? በቁማቸው ያልረገጡትን ሞተው አይረግጡትም። ዙሩ!»

ከሁሉ በፊት የተንቀሳቀሰችው ወይዘሮ ናት፤ እንደለመደችው ወደ ግራ ታጠፈች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተከተሏት። ጌጡ ያነሳውን እሾህ በዱላው መልሶ፣ ክፍተቱን በእጁ ጭምር አስተካክሎ ደፈነ፤ እጁ ደምቶ ነበር። ከዚያ ሮጦ ቃሬዛውን ተቀበለ።

ዶፉ መሐል መንገድ ላይ ያዘን። በየምዕራፉ ፍትሐት ሲደረስ ጃንጥላው ሁሉ ለቃሬዛው ነበር፤ እኛ በስብሰን እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆንን። አንድም ሰው ሲያማርር አልሰማሁም። አንድ ሰዓት የሚጨምረው መንገድ ያን ቀን ሁለት ጨመረ፣ አያ ዳኘውም አመሻሹ ላይ ከመቃብራቸው ደረሱ።

ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሲበተን ብዙአየሁ ክንዴን ይዛ ወደ ወፍ ውሃ ወሰደችኝ። በሩን ከፈተችው። ወለሉ ተጠርጓል፣ አልጋዎቹ ነጭ አንሶላ ለብሰው እንደተነጠፉ ናቸው፤ ሰው እንዳላደረባቸው ያስታውቃሉ። እኔ ጫማዬን አየሁና ከደፉ ላይ ቀረሁ፤ ጫማ አይባልም፣ ጭቃ ነው። ላወልቀው ጎንበስ ስል ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ግቢ እንጂ» አለችኝ። «ጭቃ ይታጠባል።»